የባለዜማው ፊት፦ በሥዕል ውስጥ ያለ ተጫዋችን ስሜትና ምሳሌ እንዴት እናንብብ?

ቅዱስ ያሬድ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ቆሞ ሲያዜም የሚያሳየውን ሥዕል ያላየ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። ንጉሡ በዜማው ተመስጦ የተደገፈውን ጦር በሊቁ እግር ላይ ተክሎታል፤ ደም ይፈስሳል፤ ወጊውም ተወጊውም አልታወቃቸውም። ሥዕሉ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ አለ፤ በመጽሐፍ ሽፋን አለ፤ በየቤቱ በሚሰቀል ወረቀትም አለ። ይህን ያህል የታወቀ ቢሆንም አንድ ቀላል ጥያቄ ሲቀርብበት ተመልካቹ ይከፋፈላል። የያሬድ ፊት ምን ይላል?

አንዱ «ምንም አይልም፤ የድሮ ሠዓሊ ስሜት መሣል አያውቅም ነበር» ይላል። ሌላው «ቅዱስ ስለሆነ ሕመም አይታይበትም» ብሎ ያልፋል። ሦስተኛው ከዓይኑና ከከንፈሩ ደስታ ወይም ሐዘን ለማውጣት ሲታገል ይውላል። ሦስቱም የሚስማሙበት አንድ ነገር አለ፤ ስሜት የሚፈለገው ከፊት ላይ ነው ብለው ያምናሉ። የዚህ ዳሰሳ ክርክር ከዚያ ላይ ይነሣል። በእኛ የሥዕል ልማድ የባለዜማው ስሜት በፊቱ ላይ አይቀመጥም። በአድማጩ፣ በእጅና በእግር፣ በሁለቱ መካከልም ባለው ርቀት ላይ ይቀመጣል። ይህን የሳተ ተመልካች ሥዕሉን ባዶ ነው ይላል፤ ወይም የሌለበትን ይጨምርበታል።

ጥያቄውን ከጎጃም ደጋ ሆኖ ማንሣት ይጠቅማል። ደብረ ማርቆስን ይዞ እስከ ጮቄ ተራራና እስከ ዓባይ በረሃ አፋፍ የተዘረጋው አገር የቅኔ አገር ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ኤልያስ ስማቸው የሚጠራው በቅኔ ቤታቸው ነው። አንድን ነገር አይቶ ሌላ ማንበብ እዚህ የትምህርት ዓይነት ነው፤ ሥርዓት አለው፤ መምህር አለው፤ ተሳስተሃል የሚል ጉባኤም አለው። የሥዕል ንባባችን ግን ይህን ሥርዓት ገና አልተዋሰም።

ደሙና ዝም ያለው ፊት

የያሬድን ሥዕል ለማንበብ ታሪኩን ማወቅ ግድ ነው። በትውፊቱ መሠረት ያሬድ በ6ኛው ክፍለ ዘመን በአክሱም የነበረ ሊቅ ነው። በልጅነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ ሲሰደድ፣ ከዛፍ ሥር አርፎ ሳለ አንድ ትል ግንዱን ሊወጣ ሲወድቅ ሲነሣ አይቶ ጸና። ሦስት ወፎች ከገነት መጥተው ዜማ አስተማሩት። በንጉሡ ፊት ባዜመበት ዕለት ጦሩ ከእግሩ ሲነቀል ንጉሡ ደንግጦ «የፈለግኸውን ጠይቀኝ» አለው፤ ያሬድም የጠየቀው እንዲያሰናብተው ነበር። ከዚያ ወደ ሰሜን በረሃ ሄደ፤ ቀሪ ዕድሜውንም በምናኔ ጨረሰ።

እንግዲህ ሥዕሉ የያዘው ቅጽበት ሦስት ነገር አንድ ላይ ይሸከማል፤ ተመስጦ፣ ቁስልና የስንብት ዋዜማ። ሠዓሊው ያሬድን ፊቱን አጨማድዶ ቢሥለው ኖሮ ቁስሉ ይገለጥ ነበር፤ ተመስጦው ግን ይሞታል። ፈገግ አድርጎ ቢሥለው ተመስጦው ወደ ተራ ደስታ ይወርዳል። ዝም ያለው ፊት ስለዚህ የችሎታ ጉድለት አይደለም፤ የታሪኩ ማስረጃ ነው። ሕመሙ ፊት ላይ አለመድረሱ ራሱ ዜማው ምን ያህል እንደወሰደው ይመሰክራል። ደሙ እግር ላይ ይናገራል፤ ፊቱ ከዚያ ወሬ አልደረሰውም። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የሥዕሉ ስሜት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ መታየት ያለበት አድማጩ ነው። ንጉሡ ዘውድ ደፍቷል፤ የክብሩንና የሥልጣኑን መሣሪያ ይዟል። በዜማው ምክንያት ያ መሣሪያ በእጁ ውስጥ ተረስቷል። ለዜማ ኃይል ከዚህ የበለጠ ምስክር በሥዕል ማምጣት ይከብዳል፤ ጦር የያዘ ሰው ጦር መያዙን ረሳ። ያሬድን ብቻ ቆርጦ የሚያወጣ፣ ንጉሡን የሚተው የዘመናችን ቅጂ ስለዚህ ሥዕሉን አጉድሎታል። ጸናጽልና መቋሚያ የያዘ አንድ ሽማግሌ ይቀራል፤ ድምፁ የት እንደደረሰ የሚነግረን የለም።

አንዳንድ ተመልካቾች ከዚህ የፖለቲካ ምሳሌ ያወጣሉ። ቤተ መንግሥት በቤተ ክህነት ላይ ሲደገፍ ሳያውቀው ያቆስለዋል ይላሉ። ይህ ንባብ ጦሩንና ደሙን ከሥዕሉ ስላገኘ ፈጽሞ ከአየር የመጣ አይደለም። ነገር ግን የንጉሡን አቋቋም ይዘልላል። ንጉሡ የሚያዘነብለው በፍቅር ነው፤ ታሪኩም በንጉሡ ድንጋጤና ስጦታ ያልቃል። አንዱን ምልክት ይዞ ሌላውን የጣለ ንባብ በቅኔ ጉባኤ አያልፍም፤ በሥዕል ፊትም ማለፍ የለበትም።

ዳዊት ለማን ይደረድራል?

ሁለተኛው ትልቅ ምሳሌ ንጉሥ ዳዊት ነው። በብራና መዝሙረ ዳዊት መግቢያ ላይ በገና ይዞ የሚሣለው ዳዊት ቢያንስ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሚታወቅ ነው። በአልጋው ላይ ተቀምጧል፤ ዘውድ አለው፤ ብዙ ጊዜ ጃንጥላ ወይም ጭራ የያዙ አገልጋዮች ከጎኑ ይቆማሉ። ከያሬድ ሥዕል ጋር ሲተያይ አንድ ልዩነት ጎልቶ ይወጣል፤ እዚህ ባለዜማውም ንጉሡም አንድ ሰው ናቸው። ታዲያ አድማጩ ማነው?

መልሱ ሥዕሉ ያለበት ቦታ ነው። መዝሙረ ዳዊት በየቀኑ የሚጸለይበት መጽሐፍ ነው። ዳዊት በሁለት ዓይኑ ወደ ፊት የሚያየው መጽሐፉን ገልጦ ሊጸልይ የተቀመጠውን ሰው ነው። አድማጩ ከሥዕሉ ውጭ ተቀምጧል፤ ስሜቱንም የሚሞላው እርሱ ነው። በንስሐ የሚጸልይ የንስሐ ዳዊትን ያያል፤ በምስጋና የሚጸልይ የምስጋናውን። የዳዊት ፊት ረጋ ማለቱ ለሁሉም ቦታ ይተውላቸዋል።

በገናው ራሱ ምሳሌ የተሞላ ነው። ዐሥሩ አውታር የዐሥርቱ ትእዛዛት፣ የድምፅ ሣጥኑ የእመቤታችን፣ ሁለቱ ምሰሶዎች የቅዱስ ሚካኤልና የቅዱስ ገብርኤል፣ የላይኛው ማገር የእግዚአብሔር ምሳሌ ነው ተብሎ ይተረጎማል። አውታሩን ከበርኩማው ጋር የሚያነካካው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራው፣ ያንን የሚያንዘረዝር ድምፅ ይሰጠዋል፤ በዐቢይ ጾም የሚሰማውም ይኸው ድምፅ ነው። ስለዚህ በገና የያዘ ሰው ተሥሎ ሲገኝ ድባቡ ወደ ጾም፣ ወደ ጸሎትና ወደ ብቸኝነት ያዘነብላል። የበገና ዘመድ የሆነው ክራር ግን አምስት ወይም ስድስት አውታር ይዞ ወደ ፍቅርና ወደ መሸታ ቤት ይሄዳል፤ በአፈ ታሪክም የሰይጣን መሣሪያ ተብሎ ተወቅሷል። ስለ ስሜት ከመናገር በፊት አውታር መቁጠር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በአውታር ቁጥር የተሳሳተ ተመልካች ዐቢይ ጾምን ከፋሲካ ጋር ይቀላቅላል።

የከበሮውም ትርጓሜ እንዲሁ ነው። ሁለቱ አፎቹ የመለኮትና የትስብእት፣ ጠፍሩ የጌታ ግርፋት ምሳሌ ናቸው። በጎጃም ክብ አብያተ ክርስቲያናት ይህ ትርጓሜ በሁለት ቦታ ይኖራል። በመቅደሱ የውጭ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ጨርቅ ተሥሎ ይታያል፤ በውጭኛው ክበብ በቅኔ ማሕሌቱ ደግሞ ሊቃውንቱ በእጃቸው ይዘውት ያሸበሽባሉ። የተሣለው ባለዜማና በሕይወት ያለው ባለዜማ አንድ ዓይነት መቋሚያ ይደገፋሉ። ሥዕሉን በሙዚየም መስተዋት ውስጥ ያየ ሰው ይህን ግማሽ አላየም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ይገባል። የምሳሌ ዝርዝር መያዝ ንባብ አይደለም። ጸናጽሉ ይህ ነው፣ ከበሮው ያ ነው ብሎ ቆጥሮ የሚጨርስ ሰው መዝገብ ሠራ እንጂ ሥዕሉን አላየም። ከበሮው በዚህ ሥዕል ወደ ማን ዞሯል? ማን ይመታዋል? ማን ይሰማዋል? ምሳሌው ሕይወት የሚያገኘው ከእነዚህ ጥያቄዎች በኋላ ነው።

የዓይንና የእጅ ሕግ

የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ፊትን ስሜት ባያሸክመውም ያለ ሕግ አይተወውም። ጻድቅ በሁለት ዓይኑ፣ ከሓዲ በጎኑ በአንድ ዓይኑ ይሣላል። በዓድዋ ጦርነት ሥዕሎችም ኢትዮጵያውያኑ ፊት ለፊት፣ ጣሊያኖቹ በጎን የሚሣሉት በዚሁ ልማድ ነው። ከላይ በሰማይ ቅዱስ ጊዮርጊስ አለ፤ ከታች ነጋሪቱና መለከቱ አሉ። የጦር ሜዳ ባለዜማም በሥዕል ታሪካችን ቦታ አለው ማለት ነው።

ሕጉ ግን እንደ ቁልፍ ሁሉንም በር አይከፍትም። አንድ አዝማሪ በግብር ላይ ወደ ጌታው ዞሮ በጎን ቢሣል ኃጢአተኛ ነው ማለት አይደለም፤ የሚዘፍንለት ሰው በዚያ በኩል ስለተቀመጠ ነው። ዓይኑ የት እንደሚያይ ሳያረጋግጥ ፍርድ የሚሰጥ አንባቢ ሕጉን ከሥዕሉ በላይ አድርጎታል።

እጅ ከዓይን ይበልጥ ይናገራል። በስቅለት ሥዕል ከመስቀሉ ግራና ቀኝ የሚቆሙት እመቤታችንና ዮሐንስ እጃቸውን በጉንጫቸው ላይ ያደርጋሉ። ይህ የሐዘን ምልክት ከቤተ ክርስቲያን ወደ ለቅሶ ቤት፣ ከለቅሶ ቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመላለስ የኖረ ነው። የጎጃም ተመልካች አንድ ሰው ማሲንቆ እየሰማ እጁን በጉንጩ ላይ አድርጎ ተሥሎ ቢያይ ዘፈኑ ትዝታ መሆኑን ለማወቅ ግጥሙን መስማት አያስፈልገውም። ሙሾ አውራጇም በዚህ ሕግ ትነበባለች። ሥራዋ ሐዘንን ለሌላው ማውጣት ነው፤ የተሳካላት መሆኑ የሚታወቀው በእርሷ እንባ ሳይሆን ደረታቸውን በሚመቱት ዘመዶች ነው።

አዝማሪው፦ ፊቱን የሚደብቅ ተጫዋች

ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አዝማሪው ይጠብቀናል። መሣሪያው ቀላል ነው፤ በቆዳ የተለበጠ ባለ አራት ማዕዘን ሣጥን፣ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ አውታርና ደጋን። ማኅበራዊ ቦታው ግን ቀላል አይደለም። በግብር ላይ ሁሉም ይፈልገዋል፤ በጋብቻ ሲመጣ ሁሉም ይሸሸዋል። ጌታውን ሊያወድስ ይቆማል፤ በዚያው ግጥም ሊወጋው ይችላል። የቃሉን ኃይል ባዕድ ገዥም ተረድቶት ነበር። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ የጣሊያኑ ገዥ ግራዚያኒ ጠንቋዮችና ተረት ነጋሪዎች ከእነርሱም ጋር አዝማሪዎች እየታደኑ እንዲገደሉ አዝዟል። ማሲንቆ የያዘን ሰው መሣል ከዚያ ወዲህ ስለ ጨዋታ ብቻ ሊሆን አይችልም።

ታዲያ የአዝማሪ ሥዕል ስሜት የት ይገኛል? እዚህም ፊት ላይ አይገኝም፤ ምክንያቱ ግን ከያሬድ ይለያል። የያሬድ ፊት ዝም የሚለው በተመስጦ ነው፤ የአዝማሪው ፊት ዝም የሚለው በብልሃት ነው። ሰሙን በፊቱ ላይ ያሳያል፤ ወርቁን ለሰሚው ይተዋል። ጥሩ የአዝማሪ ሥዕል ወርቁን አድማጩ ላይ ያኖረዋል፤ ብርሌውን ወደ አፉ ሊያደርስ ሲል በመንገድ የቆመ የጌታ እጅ፣ ጎንበስ ብላ ሳቋን በነጠላዋ የሸፈነች ሴት፣ ለሽልማት ወደ ኪሱ የገባና መውጣት ያመነታ እጅ።

በአዲስ አበባ የቱሪስት መደብሮች በፍየል ቆዳ ላይ ተሥሎ የሚሸጠው አዝማሪ ግን ብቻውን ነው፤ ደግሞም ፈገግ ብሏል። ገዢው «ደስተኛ ሕዝብ» አይቶ ይሄዳል። የዚህ ሥዕል ችግር በርካሽ መሸጡ አይደለም። አድማጩን ሲያስወጣ የአዝማሪውን ሥራ አብሮ አስወጣ፤ የሚያወድሰውም የሚወጋውም ሰው የሌለው አዝማሪ ዕቃ ይሆናል።

ከውጭ የመጣው ዓይን

20ኛው ክፍለ ዘመን ሌላ የማየት መንገድ አመጣ። ሠዓሊዎቹ አገኘሁ እንግዳ በፓሪስ፣ አፈወርቅ ተክሌ በለንደን ተማሩ። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ያቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከሰው ፊት ለፊት ቆሞ መሣልን፣ ብርሃንና ጥላን፣ ርቀትን አስተማረ። በዚህ ትምህርት ፊት የስሜት ዋና ቦታ ሆነ። ትርፉ ትልቅ ነው፤ የተሣለው ባለዜማ የራሱ ስም፣ ዕድሜና ድካም ያለው ግለሰብ ሆነ። ኪሳራም አለው፤ አድማጩ ብዙ ጊዜ ከሸራው ወጣ።

ይሁን እንጂ «ፈረንጅ ስሜትን ከፊት ያነብባል» ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። በፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም ያለውን፣ ሠዓሊው ቫቶ በ1718 እና 1719 እ.ኤ.አ. ገደማ የሣለውን ፒዬሮ እንመልከት። ነጭ የለበሰ የቲያትር ተጫዋች እጆቹን አንጠልጥሎ ፊት ለፊት ቆሟል፤ ፊቱ ምንም አይገልጥም። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ተመልካቾች ግን ጥልቅ ሐዘን አነበቡበት፤ የራሳቸውን ዘመን ሐዘን አለበሱት ማለት ይቀላል። የፒካሶ «ሽማግሌው ጊታር ተጫዋች» (1903–1904 እ.ኤ.አ.) ደግሞ ስሜቱን ከፊት ይልቅ ለቀለምና ለአጥንት ሰጥቶታል። ዕውሩ ሽማግሌ በሰማያዊ ውስጥ ተጣጥፏል፤ ጊታሩ ብቻ ቡናማ ነው። አድማጭ የለውም። በእኛ ዓይን ሲታይ የሥዕሉ ትልቁ ሐዘን ድህነቱ ወይም ዕውርነቱ አይደለም፤ የሚሰማው ሰው አለመኖሩ ነው።

የሥዕል ታሪክ ሊቁ ፓኖፍስኪ በ1939 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ባለ ሦስት እርከን አነባበብ እዚህ ይረዳል። መጀመሪያ የሚታየውን፣ ቀጥሎ በልማድ የታወቀውን ምሳሌ፣ በመጨረሻ ሥዕሉን የወለደውን ዓለም መመርመር ይላል። ለቅኔ ተማሪ ይህ እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ ሁለተኛው እርከን ላይ ይመጣል፤ ለእኛ ሥዕል የሚያስፈልገው መዝገብ በገድል፣ በድጓና በትርጓሜ ቤት ነው ያለው፤ እርሱን ሳይጠይቁ የሚጻፍ ሐተታ ከሁለተኛው እርከን ተንሸራትቶ ይወድቃል።

የቢቸናው ቄስ

የመቅደሱና የገበያው መንገዶች በአንድ ሰው እጅ የተገናኙበት ምሳሌ ከጎጃም ይገኛል። ቄስ አዳሙ ተስፋው በቢቸና ተወልደው በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ያደጉ፣ ኋላም አዲስ አበባ ገብተው ለገበያ የሣሉ ሠዓሊ ናቸው። በ2005 እ.ኤ.አ. በሎስ አንጀለስ የፋውለር ሙዚየም ሥራዎቻቸውን ለብቻቸው አሳይቷል፤ ከሬይመንድ ሲልቨርማን መጽሐፍ ጋር። የእርሳቸው መንገድ ለዚህ ዳሰሳ ትልቅ ትርጉም አለው። የመቅደሱን ወፍራም መስመርና ትልቅ ዓይን ይዞ ወደ ታሪክና ወደ ተራ ሕይወት የወጣ ሠዓሊ፣ የንባብ ሕጉንም አብሮ ያወጣዋል። እንዲህ ባለ እጅ የተሣለ ገበሬ፣ ወታደር ወይም ባለ ማሲንቆ የሚነበበው በትምህርት ቤት ሸራ ሚዛን ሳይሆን በመቅደሱ ግድግዳ ሚዛን ነው። «ፊቱ ስሜት የለውም» የሚል ተቺ በእንዲህ ያለ ሥራ ፊት የተሳሳተ ሚዛን ይዞ የቆመ ነው።

ስሜትን በምን ስም እንጥራ?

አንድ ጥያቄ ይቀራል። ሐተታዎቻችን የሥዕልን ድባብ ሲገልጡ «አሳዛኝ»፣ «አስደሳች» እና «ምስጢራዊ» ከሚሉ ሦስት ቃላት አይወጡም። ያሬድ ግን የራሱን መለኪያ፣ ሦስቱን የዜማ ስልቶች፣ ትቶልናል። ግዕዝ ቀጥ ያለና ጠንካራ ነው፤ ዕዝል ለስለስ ብሎ የረጋ ነው፤ አራራይ ልብ የሚያራራ ነው። ለዜማ የተሠራውን መለኪያ ለሥዕል መዋስ ድፍረት ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም ይሠራል። በነጋሪት የታጀበው የዓድዋ ሥዕል ግዕዝ ነው። ዳዊት በበገናው ላይ ዕዝል ነው። ደሙ የሚፈስሰው ያሬድ አራራይ ነው። እነዚህ ስሞች ከተመልካቹ ጊዜያዊ ስሜት ይልቅ የሥዕሉን አካሄድ ስለሚጠሩ ለክርክር ይመቻሉ፤ አንዱ ዕዝል ሲል ሌላው አራራይ ቢል ሁለቱም ወደ ሥዕሉ ተመልሰው ማስረጃ ማቅረብ ይኖርባቸዋል።

ፍርዱ እንግዲህ ይህ ነው። በሥዕል ያለን ባለዜማ የሚያነብብ ሰው በመጀመሪያ የሚታየውን ይቁጠር፤ አውታሩን፣ ዓይኑን፣ እጁን። ቀጥሎ አድማጩን ይፈልግ፤ በሥዕሉ ውስጥ ከሌለ ከሥዕሉ ፊት የሚቆመው ማን እንደሆነ ይጠይቅ። ምሳሌውን ከትርጓሜው ባለቤቶች ይጠይቅ። ፊቱን በመጨረሻ ይይ። ከዚህ ቅደም ተከተል የወጣ ንባብ ሰሙን ሳይቆጥር ወርቅ አገኘሁ የሚል ነው፤ በዲማም በዋሸራም አያስመሰግንም።

ይህ እንዲሆን ሥዕሎቹ መኖር አለባቸው። የድሮ የግድግዳ ሥዕል በዝናብና በምስጥ ያልቃል፤ ቤተ ክርስቲያን ሲታደስም በአዲስ የዘይት ቀለም ይሸፈናል። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ የየደብሩ አስተዳዳሪዎችና የአካባቢው ሠዓሊዎች በምሥራቅ ጎጃም አብያተ ክርስቲያናት ያሉትን የያሬድ፣ የዳዊትና የባለ ከበሮ ሥዕሎች ከመታደሳቸው በፊት ፎቶ አንሥተው ይመዝግቡ። ሲመዘግቡም የባለዜማውን ስም ጽፈው አይቁሙ፤ ማን እንደሚሰማው፣ በምን አቋቋም እንደሚሰማው፣ በእጁ ምን እንደያዘም ይጻፉ።